የስለት ጥላ በጭፈራ ደሴት

ሚኮኖስ ሊሄድ ያሰበ የዳላስ ሐበሻ ሁሉ፣ ማን ስልኬን እንደሚሰጠው አላውቅም፣ ለእኔ ይደውላል። ለጫጉላ የሚሄድ አለ፣ ልደቱን ሊያከብር የሚሄድ አለ፣ ዝም ብሎ ሊጨፍር የሚሄድ አለ። እኔም እመክራለሁ። ባለ አራት ጎማውን ሞተር አትከራዩ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግማሹ ነጂ ደግሞ የጠጣ ነው። ታክሲ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ አውቶቡሱን ልመዱት። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ተረከዝ ያለው ጫማ ለዚያ ድንጋይ ንጣፍ አይሆንም፣ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ጭፈራ ቤቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ባዶ ነው፤ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አትጎለቱ። በነሐሴ ከባድ ንፋስ አለ። ስለዚህ ሌላ ደሴት የማየት ሐሳብ ካላችሁ መርከቡን አስቀድሙ፣ ጭፈራው ይደርሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ሳይለወጥ አይቀርም። ከዚያ «መቼ ነው የሄድከው?» ይሉኛል። አልሄድኩም። ደሴቱን እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ምክሩን ሁሉ የለቃቀምኩት ቤንዚን ሰማይ በነካበት ዓመት ነው። ያኔ በአየር ማረፊያውና በሆቴሎቹ መካከል ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ካሮልተን ውስጥ፣ የባቡሩ ሐዲድ ገና እየተሠራ በነበረበት ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። እህቴ በዚያው ዓመት ከአርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቃ፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሚኮኖስ ሄዳ ልትጨፍር ቲኬት ቆረጠች። እናቴ ስትሰማ ቤቱ በኩርፊያ የሚሞላ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ይኼ ደሴት ግሪክ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ለፍጥሞ ይቀርባል?»

ፍጥሞ ራእዩን ያየው ሐዋርያ የተጋዘበት ደሴት ነው። ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ሳለን፣ የአሜሪካ ጉዳያችን ውድቅ ሆኗል የተባልን ዕለት፣ እናቴ ለዚህ ሐዋርያ ተሳለች። «አንተም እንደኔ ከአገርህ ወጥተህ ሰው አገር ተጥለሃል። ልጆቼን ይዤ ከዚህ ከወጣሁ ፍጥሞ ድረስ ጥላ አመጣልሃለሁ» አለችው። ሌላ ሰው ቢሳል ለሰፈሩ ደብር ነው የሚሳለው። የእኔ እናት ለዕለት ራሽን ተሰልፋ እየዋለች ባሕር ማዶ ተሳለች። ጉዳያችን እንደገና ታይቶ ተሳካ፣ አሜሪካ ገባን። ጥላውም ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ አለው፤ ታቦት ሲወጣ የሚያዘው ዓይነት። ከዚያ ወዲያ ማን ፍጥሞ ሄዶ! በላስቲክ እንደተጠቀለለ ለዓመታት ከሳሎናችን በር ጀርባ ቆመ። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር፣ መኪናዬ በተገጨ ቁጥር፣ እናቴ ቀና ብላ ወደ በሩ ጀርባ ታያለች። እንዴት እንደሚያናድደኝ! «እማዬ፣ ሐዋርያው የመኪና ትራፊክ አይደለም» እላታለሁ። እሷም «ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል መጽሐፉ» ትለኛለች።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የእናቴ አንዱ የልብ ቫልቭ ጠቦ ደረጃ መውጣት አቃታት። ገበያ ወጥታ ስትመለስ መሐል ላይ ቆማ፣ የጎረቤት አበባ የምታይ መስላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ነው መፍትሔው አለ። ቀን ተቆረጠ፤ ሰረዘችው። ሌላ ቀን ተቆረጠ፤ ያንንም ሰረዘችው። «ስለት አንጠልጥዬ ቢላ ሥር አልተኛም» አለች። ሐኪሙ አዲስ ቀን ሲሰጠን እሷን ትቶ እኔን እያየ «ከዚህ በኋላ የምትሰርዘው ቀን ላይኖራት ይችላል» አለኝ። ለእናቴ አልተረጎምኩላትም። መተርጎምም አላስፈለገም፣ ፊቴን አይታ ጨርሳለች።

ቀኑ እህቴ ከግሪክ ከመመለሷ በፊት ዋለ። እህቴ ጉዞውን ልትተወው ነበር። እናቴ ግን «አንቺ ከቀረሽ እኔም ቀረሁ። ጥላውን አስገቢልኝ፣ እኔ እዚህ እተኛለሁ። ጭፈራውን እንደፈለግሽ» ብላ ቁርጡን ነገረቻት። እንዲህ ሆነና እህቴ እናቷ ለምና ለጭፈራ የላከቻት የመጀመሪያዋ ሐበሻ ሆነች።

እኔ ጭንቀቴን በጥያቄ አወጣሁት። ሚኒባሴ ላይ በፀሐይ የተለበለበ ተሳፋሪ ባየሁ ቁጥር የት ከርሞ እንደመጣ እጠይቃለሁ። ሚኮኖስ ያለኝን ሆቴሉ በር እስኪደርስ አለቀውም። የሞተሩን፣ የታክሲውን፣ የጫማውን ነገር የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ስለ ንፋሱ የነገሩኝ ግን አንዲት ጥቁር የለበሱ ግሪካዊት አሮጊት ብቻ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነው። ፍጥሞ ስላቸው አማተቡ። ከሚኮኖስ በቀጥታ የሚሄድ መርከብ በየቀኑ እንደሌለ፣ በነሐሴ ደግሞ ንፋሱ ከተነሳ ወደብ እንደሚዘጋና ማንንም እንደማይሰማ ነገሩኝ። «መጀመሪያ ቅዱሱ፣ ከዚያ ሌላው» አሉኝ፣ ሻንጣቸውን ሳወርድላቸው።

ጥላው ረጅም ስለሆነ ሻንጣ አልገባም አለ። ሮውሌት ሐይቁ ዳር የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መያዣ ቱቦ ሰጠን፤ ልክክ ብሎ ገባ። አየር ማረፊያው መግቢያ ላይ እህቴን ያዝ አድርጌ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። እንደደረስሽ መርከቡን ያዢ» አልኳት።

«ኦኬ፣ ኦኬ ጋሼ። ፈርስት ዴይ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ጋሼ የምትለኝ ንግግሬን ለማሳጠር ስትፈልግ ብቻ ነው።

አላደረገችውም። የደረሰች ዕለት ስትደውል ከበስተኋላዋ ከበሮው ይደልቃል። «ማለቴ፣ ዛሬ ሁላችንም ደክሞናል። ዛሬ የሚሄደውን ተውኩት፣ የሚቀጥለውን ቡክ አድርጌዋለሁ» አለች። ድክም ያለው ሰው ምን ዓይነት ቦታ ሆኖ እንደሚደውል በጆሮዬ እየሰማሁ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና «ምን አለች?» አለችኝ። «ደርሳለች» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ደርሳለች።

የሚቀጥለው መርከብ በሚነሳበት ዕለት ስልኩ ገና ሲጮህ አነሳሁት። ከበሮ የለም፤ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

«መርከቡን ካንስል አደረጉት» አለች እህቴ። «ንፋስ ነው፣ ቆሜ መሄድ እንኳ አልቻልኩም። ሁሉም ነገር ስቶፕ አድርጓል።»

«ነገስ?»

«ነገም አይታወቅም ነው የሚሉት።»

በማግስቱም ንፋስ ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ፣ ለጎረቤት በሚሰማ ድምፅ ጮህኩባት። ካሮልተን ላይ ቅጠል አይነቃነቅም፣ አስፋልቱ ገና በጠዋቱ ይግላል፤ እኔ ሌላ አገር ያለ ንፋስ እረግማለሁ። እህቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ስማኝ፣ እዚህ ትንንሽ ቸርች ሞልቷል፣ በየጥጉ ነው ያለው። ሶ ለአንዱ ብሰጠውና ፍጥሞ ነው ብላትስ? እኔ ነርስ ነኝ፣ ይሄን ቀን ካንስል ካደረገች ምን እንደሚሆን አውቃለሁ» አለችኝ። ኦፕራሲዮኑ በማግስቱ ማለዳ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ወደ ሳሎን አየሁ። እናቴ በሩ ጀርባ ባዶ የቀረውን ቦታ እያየች ተቀምጣለች። «እንዳልሽ አድርጊ» አልኳት።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ደወለች፤ እዚያ መሽቷል። እናቴ ተጣጥባ ነጠላዋን ለብሳ ነበር፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የተሰማን ዜማ ነው። የእኛ ዓይነት ዜማ አይደለም፣ ቋንቋውም አይገባንም፤ ከመሐሉ ግን አንድ ቃል እየተመላለሰ ይወጣል። ኪርያላይሶን። እንደገና ኪርያላይሶን። እናቴ ተነሥታ ቆመች። ለስቅለት ስንሰግድ የምንለው ቃል ነው፤ እነሱም ለካ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ማታ ማታ ጸሎት አላቸው። ዜማው ሲያልቅ የአንድ ሽማግሌ ቄስ ድምፅ ወደ ስልኩ ቀረበ። እናቴ በቀጭን ድምፅ «ኪርያላይሶን» አለች። ሽማግሌው መለሱላት። እሷም ደገመች። ሌላ የሚግባቡበት ቃል የላቸውምና ያችኑ አንዷን ደጋግመው ተባባሉ። አለቀ፣ ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ።

«ልጄ» አለች እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ፍጥሞ ነሽ?»

አዎ በይ፣ አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል ነች፣ በያትና እንረፍ። ከስልኩ የሚሰማው ግን ንፋሱ ብቻ ነው፣ የሆነ መስኮት ያንኳኳል።

«አይደለሁም እማዬ» አለች እህቴ። «መርከቡ እምቢ አለ። ፈርስት ዴይ መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። ሶሪ እማዬ…» ከዚያ ለቅሶዋ መጣ።

በዚያች ደቂቃ እህቴን ባገኛት ምን እንደማደርጋት አላውቅም። የእናቴ እጅ ደረቷ ላይ ነው። ለሐኪሙ ምን ብዬ እንደምደውል፣ እንዴት ብዬ እንደምለምነው ማሰብ ጀምሬያለሁ። እናቴ ግን የምታለቅሰውን ልጅ ሳታባብል፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብላ «ቄሱ ፍጥሞን ያውቁታል? ጠይቂያቸው» አለቻት። እህቴ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። በየዓመቱ እንደሚሄዱ ነገሯት።

«በይ ጥላውን እጃቸው ላይ አድርጊ። አደራ በያቸው።»

«አደራን በእንግሊዝኛ ምን ልበላቸው?»

«እንዳለ በያቸው። ካህን ናቸው።»

ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። እህቴ ምን ምን እንዳለቻቸው አልተሰማኝም፣ ረጅም ጊዜ አስረዳቻቸው። በመጨረሻ የሽማግሌው ሻካራ ድምፅ፣ ቃሉ አፋቸው ላይ እየከበዳቸው፣ «አደራ» ሲል ሰማነው። እናቴ ቁጭ አለች። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ልብሷን የምትይዝበት ትንሽ ቦርሳ የት እንዳለ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። ንፋሱ እንዳለ ነው፣ አንድም መርከብ አልተንቀሳቀሰም። ስገባ እናቴን ተንቀሳቃሽ አልጋ ላይ አስተኝተዋታል፣ ያችን የወረቀት ቆብ አድርጋለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«ንፋሱ ቆመ?» አለችኝ።

ቆሟል ብላት ምን ነበረበት? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ትናንት ልጅቷ ያልዋሸችውን ዛሬ እኔ መዋሸት አልቻልኩም። «አልቆመም እማዬ» አልኳት።

«ይቁም አይቁም» አለች፣ «ከእኔ እጅ ወጥቷል።» ፈገግ አለችልኝ፣ ወሰዷት፣ በሩ ተዘጋ።

ፈራሁ። እሷ ሸክሟን አራግፋ ገብታለች፤ እኔ ነጠላ ታቅፌ ኮሪደር ላይ ቀርቻለሁ። የምቆጣው ሰው የለም፣ የምደውልለት የለም፣ የምጠይቀው ተሳፋሪ የለም። ስንት ዓመት በስለቷ ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ ግድግዳውን ተደግፌ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አገኘሁት። ከዚህ በር በደህና ካወጣሃት፣ አልኩ፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ ጥላው ፍጥሞ መግባቱን በዓይኔ አያለሁ።

በደህና ወጣች። ዛሬ ደረጃውን ያለ እረፍት ትወጣለች፤ እኔ ነኝ መሐል ላይ የምቆመው። ጥላው ይድረስ አይድረስ ጠይቃ አታውቅም፤ አደራ የሰጠ ሰው አይጠይቅም ትላለች። እህቴ ሁለት ጊዜ አብረን እንሂድ ብላኛለች፤ አንዴ ሥራ፣ አንዴ የልጄ ክርስትና፣ ሁሌም የሆነ ነገር አለኝ። ስለቴን ለማንም አልተናገርኩም። ሰዎች ሲደውሉልኝ ስለ ጫማው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ሞተሩ እነግራቸዋለሁ፣ መርከቡን አስቀድሙ እላቸዋለሁ። አሁን የምኖረው በራሴ ቤት ነው፤ ከበሩ ጀርባ ምንም የለም። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር፣ ልጄ በወደቀ ቁጥር፣ ቀና ብዬ ወደዚያ አያለሁ።