ያላስጨረስኩት ኮረብታ

አጎቴ ያለ ጃንጥላ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ዝናብ ፈርተው ግን አይደለም። በምንኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ከፎቃችን ወርደን ባስ ስንጠብቅ፣ ከቀለጠው በረዶ የተጠራቀመውን ውሃ ሁሉ በጃንጥላቸው ጫፍ ወጋ ወጋ ሳያደርጉ አይረግጡም። እኔ ሰው አየን ብዬ እሳቀቃለሁ። እሳቸው ወሬያቸውን ይጀምራሉ።

«ዌልስ ተማሪ ሳለሁ፣ ሰው የማይደርስበት አንድ ኮረብታ ወጣሁልሽ። ሲያዩት ሣር ነው፣ ሥሩ ግን ረግረግ! እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ በካልሲ ቀጠልኩ። ታዲያ አናቱ ላይ ስደርስ...»

«ጋሼ፣ ነግረውኛል እኮ! ባሱ መጣ።»

ጃንጥላቸውን አንስተው ይሳፈራሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳሉ፤ እኔም ቴክስት እያደረግሁ፣ እዚያችው ቦታ ላይ አቋርጣቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አርባቸውን ስናወጣ አንዲት ጎረቤታችን ስለ ጃንጥላው ጠየቁኝ። ረግረጉን፣ ጫማውን፣ ካልሲውን እንደ እሳቸው አድርጌ ተረኩላቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

«እሺ፣ አናቱ ላይ ሲደርሱስ?» አሉኝ ጎረቤታችን።

እዚያ ድረስ አስጨርሻቸው አላውቅም። ኢንተርኔት ላይ እንዳልፈልገው የኮረብታውን ስም እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ብፈልገውስ ኮረብታውን ያሳየኝ ይሆናል እንጂ፣ እሳቸው በአንድ እግር ጫማ ቆመው ያዩትን ከየት ያመጣዋል?

ጃንጥላቸው በሩ ጥግ እንደቆመ ነበር። ዛሬ ጠዋት ይዤው ወረድኩ። ባሱ ሲመጣ አልተሳፈርኩም፤ ዝም ብዬ አሳለፍኩት።

ሌላው ከስምንት ደቂቃ በኋላ መጣ። ስምንት ደቂቃ ይበቃቸው ነበር።