የእህቴ ባል ጥርስ

የእህቴ ባል ሱሉልታ ውስጥ የመሬት ደላላ ነበር። ራሱን ግን «ኢንቨስተር» ነው የሚለው። ሥራው ከገበሬ ላይ መሬት በርካሽ ማስለቀቅና የአዲስ አበባ ኪራይ ላንገፈገፈው ሰው ቆራርሶ መሸጥ ነው። ገበሬ ቤት ሲገባ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ የሽማግሌ ጉልበት ይስማል፤ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ደግሞ አፉን በሶፍት ይጠርጋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከልቤ አክብሬው አላውቅም። «ጋሼ» የምለውም ለእህቴ ስል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሰበታ ተከራይቼ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ባንኮክ ይዞኝ የሄደውም ለእንግሊዝኛዬ ነው። በዚያ ሰሞን እጁ ገንዘብ የገባ ሁሉ ጥርሱን ውጭ አገር ማሠራት ጀምሮ ነበር። «ዱባይ ይወደዳል፣ ባንኮክ ርካሽ ነው፣ በዚያውም ባሕር ዳርቻ ተዝናንቶ መምጣት ነው» ይባላል። አንድ ደላላ ጓደኛው እንደ አዲስ ሲኒ የነጣ ጥርስ አሠርቶ ሲመጣ የእህቴ ባል እንቅልፍ አጣ።

በእውነት ጥርስ የሚያማት እህቴ ነበረች። ስንት ዓመት ሙሉ ድዷ እየደማ በአንድ ጎን ብቻ ስታላምጥ፣ ቅርንፉድ ነክሳ ስትተኛ አውቃለሁ። «ሐኪም ጋ ውሰደኝ» ስትለው «ጥርስ ያላመመው ማን አለ?» ይላታል። የሱ ጥርስ ግን አጥንት የሚቆረጥም ጤነኛ ጥርስ ነው፤ የሲጋራና የጫት ቢጫ ከመሆኑ በቀር ምንም አልነበረበትም። እሷንም ይዟት የሄደው ሁለት ሰው ከመጣ ቅናሽ አለ ስለተባለ ነው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

የባንኮኳ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በመጀመሪያ የእህቴን አፍ አየች። ብዙ ከቆየች በኋላ ወደኔ ዞራ፣ «እስካሁን እንዴት ቻለችው? ጠይቂልኝ» አለችኝ። ጠየቅኳት። እህቴ ወደ ባሏ ተመለከተች። እሱ ስልኩን ይነካካል።

የሱ ተራ ደረሰ። ሐኪሟ አፉን አይታ፣ «ጥርሱ ጤነኛ ነው። ቢጸዳ ይነጣል። ይሸፈን ከተባለ ግን ጤነኛውን ጥርስ ዙሪያውን መሞረድ አለብኝ፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም» አለች። ቃል ሳላጎድል ነገርኩት።

«ንገሪያት» አለኝ፣ «እኔ እዚህ ድረስ ምክር ፍለጋ አልመጣሁም። ከፊት የሚታየውን በሙሉ፣ ከላይም ከታችም ትሥራልኝ።»

«ጋሼ፣ አይመለስም እያለች እኮ ነው።»

«አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። አስተርጉሚ!»

አስተረጎምኩ። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ሞረደችው። በላዩ ላይ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ሽፋን ለጠፈችና፣ ዋናው ተሠርቶ እስኪደርስ ጠንካራ ነገር እንዳይነክስ አስጠነቀቀችው። የእህቴን ደግሞ የበሰበሱትን ነቅላ፣ ድዷን አክማ፣ ሲሽር እንድትመለስ ቀጠረቻት። እስከ ቀጠሮው ድረስ ባሕር ዳርቻ ወዳለች ከተማ ወረድን። ሽርሽሩ መሆኑ ነው።

ሰውየው አበባ የታተመበት ሸሚዝ ለብሶ ገና ባልተሠራ ጥርሱ እየሳቀ ፎቶ ይነሳል፤ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ «ስንት ሰው ወደደው?» እያለ እኔን ያስቆጥረኛል። እህቴ ግን አሸዋው ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ትተኛለች። ሕመም ሳይቀሰቅሳት እንቅልፍ መተኛት ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር። ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ሳታገባ በፊት የነበራት ፊት ነው።

እንዲህ እንዳለን የአገር ቤት ወሬ መጣ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር እንደገና ተቀጣጥሎ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጥይት ተተኮሰ ተባለ። እኔ ላስተማርኳቸው ልጆች ስጨነቅ የእህቴ ባል ከሱሉልታ ዘመዱ ጋር በስልክ ያወራል። ስልኩ ድምፁ ስለሚሰማ ዘመዱ የሚለውን ሁሉ እንሰማ ነበር። ከሱሉልታ ሰፈራቸው ሁለት ልጆች መሞታቸውን ነገረው።

«አጥሬስ?» አለ የእህቴ ባል። «ቆርቆሮው ተነክቷል?»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። ስልኩን ዘግቶ «ነገ እንሄዳለን። መኪናውን ማሸሽ አለብኝ» ሲላት ነው፣

«የኔ አላለቀም» ያለችው።

«አገር እየተቃጠለ አንቺ ስለ ጥርስ ታወሪያለሽ?»

«ለጥርስ ብለህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ። እኔ ሳልጨርስ አልሄድም።»

ባሏን እምቢ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሟ የፕላስቲኩ ሽፋን ጊዜያዊ ነው ያለችውን አስታወስኩት፤ «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎኝ ብቻውን ሄደ።

እኛ ቀረን፤ ሐኪሟም የእህቴን ጨረሰች። የዚያን ዕለት ከመንገድ ዳር ዘይቱን ገዝተን በላን። እህቴ በሁለቱም ጎን እያላመጠች አለቀሰች። «እዚያ ሰው እየሞተ እኔ እዚህ ዘይቱን ጣፈጠኝ» አለች።

ሱሉልታ ስንደርስ መንገዱ ተከፍቷል፤ የጎማ ቃጠሎ አስፋልቱ ላይ እንደጠቆረ ነው። አጥሩም መኪናውም ደህና ነበሩ። ግቢው ግን በሰው ተሞልቷል። አንዲት ጎረቤት ደጃፍ ላይ ተቀብላን እህቴን አቀፈቻትና «እግዜር አተረፈልሽ!» አለቻት። «አመጸኞቹ አፉን በድንጋይ ብለው ጥርሱን አረገፉት እኮ!»

ገባን። ሰውየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሰው ከብቦት ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ፖሊስና አንድ የቀበሌ ሰው አጠገቡ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታቸው በር ስር ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። የኚህ ሰው ማሳ ከእህቴ ባል ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ ስንት ጊዜ ለምኗቸው አልሸጥም ብለውታል። የመታኝ ብሎ ለፖሊሱ የሰጠው የሳቸውን ልጅ ስም ነበር።

«ልጄ ያን ቀን ከኔ ጋር ድርቆሽ ሲከምር ነው የዋለው» ይላሉ ሽማግሌው። የሚሰማቸው የለም። በዚያ ሳምንት ስሙ የተጠራ ልጅ ሁሉ ይወሰድ ነበር፤ የት እንደሚወሰድም አይነገርም።

እህቴ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ፖሊሱ ፊት ቆመች።

«ማንም አልመታውም» አለች። «ጤነኛ ጥርሱን ባንኮክ ሄዶ ያስሞረደው ራሱ ነው። የተለጠፈለት ፕላስቲክ ነበር፣ እሱ ነው የወለቀው። እኔም እህቴም አጠገቡ ነበርን።»

ሽማግሌው «ዱጋዳ?» አሉ፤ እውነት ነው? ማለታቸው ነው።

«ዱጋዳ፣ አባባ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ካልሆነ አፍህን ክፈትና አሳያቸው። በድንጋይ የተመታ ከንፈር እንዴት ሳያብጥ ይቀራል?»

አልከፈተም። ሰው ግን ሲናደድ ይረሳል፤ «አዋረድሽኝ!» ብሎ ሲጮህባት ጋቢው ወረደ። ከንፈሩ ጭረት የለበትም። ከፊት ሦስት ሽፋኖች ወልቀው ከሥራቸው የቀሩት ጥርሶች እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾለዋል። በኋላ የቤት ሠራተኛዋ እንደነገረችን፣ በመጣ በማግስቱ ቋንጣ ሲነክስ ነው የወለቁት።

ፖሊሱ ስሙን ሰርዞ ወጣ። ጠያቂዎቹም አንድ በአንድ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት፣ ጫማቸውን እያዩ ወጡ። ሽማግሌው የእህቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። የሳቸው ልጅ ተረፈ። የተወሰዱት የሌሎች ልጆች ግን ብዙ ቆይተው፣ አንዳንዶቹም እያነከሱ ተመለሱ።

እህቴ ያንኑ ዕለት ሻንጣዋን ሳትፈታ ከኔ ጋር ሰበታ መጣች። ሽማግሌ ቢልክ፣ ቄስ ቢልክ እምቢ አለች። ኋላ ፉሪ ቤት ተከራይታ ሱቅ ከፈተች። እሱ ማስተር ፕላኑ ቀረ ሲባል «አሁን ነው መሬት የሚወደደው!» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ባንኮክም ሄዶ ጥርሱን አስጨረሰ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ዘመድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። በዚያ በነጣ ጥርሱ እየሳቀ፣ ከወጣት ሙሽሮች መሃል ቆሞ መሬት ያሻሽጣል። ሲያየኝ «የኔ አስተርጓሚ!» ብሎ ጉንጩን ለሰላምታ አቀረበልኝ። ሳህኔን ይዤ በጎኑ አለፍኩ።