ለትርንጎ የደረሳት ረቡዕ ብቻ ነበር

የልጅ ልጄ ትርንጎ ከትምህርት የቀረችው ሰንፋ አይደለም። በዕጣ ነው ያስቀሯት። የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል የምጽፈውም ሌላ ምክንያት እንዳይሰጠው ብዬ ነው።

ሰፈራችን ከቆቦ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ገበሬ ማኅበራችን ለልጆቹ ጋሪ ያዘ። ለባለጋሪው ከየቤቱ እኩል ማሽላ ተሰፈረ፤ እኔም ሰፈርኩ። ልጆቹ ሠላሳ ናቸው፣ ጋሪው የሚይዘው ስድስት። እንደ ቅርጫ ሥጋ ዕጣ ይጣል ተባለ። አንዱ አዝራር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የማሽላ ፍሬ ባርኔጣ ውስጥ ጣለ። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ደረሰው። ለትርንጎ ረቡዕ ወጣላት።

የትርንጎ ግራ እግር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰለለ ነው። ረቡዕ በጋሪ ትሄዳለች፤ ሌላውን ቀን እኔ አዝዬ አደርሳታለሁ።

ስብሰባ ላይ ተነሣሁና፣ «እሷ በየቀኑ ትሳፈር፤ በቀረው አምስት ቦታ ሌሎቹ ይፈራረቁ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ፣ «እማማ፣ ሁሉም እኩል ሰፍሯል፣ እኩል ይሳፈራል። አድልዎ ቀርቷል» አለኝ።

«የእናንተ ልጆች ተራቸው ባልሆነ ቀን በእግራቸው ይደርሳሉ። የኔዋ በምን ትድረስ?»

ጎረቤቴ ይመር ከኋላ ሆኖ፣ «ፍራሽ ይነጠፍላት በሉና ይለይልን» አለ። ሰዉ ሳቀ።

«ሳቁ፤ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ» አልኩ። ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ካልተጻፈልኝ አልቀመጥም አልኩ። ተጻፈ። ለበላይ አካል ይቀርባል ተባለ።

ኅዳር ላይ ጉልበቴ አብጦ ተኛሁ። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ የምትማረው ረቡዕ ብቻ ሆነ። በቀረው ቀን ደብተሯን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች። አታለቅስም። ትንሽ ሲሻለኝ በምርኩዝ እየሄድኩ ሊቀመንበሩን እጠይቃለሁ፤ «መልሱ ገና አልመጣም፣ እማማ» ይለኛል።

ዛሬ ይህን ስናገር ሰው እንድናደድ ይጠብቃል። አልናደድም። ጋሪው በደጄ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፣ ማሽላዬን ማበጠሬን እቀጥላለሁ። ምንም አይሰማኝም።

ግንቦት ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

«መልሱ መጥቷል፣ እማማ። ጥያቄዎ ትክክል ነው ተብሏል። ነገር ግን ትርንጎ ብዙ ቀን ስለቀረች ከመዝገብ ተሰርዛለች። ጋሪው ደግሞ ለተማሪ ብቻ ነው» አለኝ።