ሱሉልታ ላይ የተዘራ ሩዝ

አባቴ ሩዝ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ወተት ነው። ቡራዩ፣ እኔ ቤት፣ ልጆቼ ሩዛቸውን በቲማቲም ስጎ ሲበሉ እሱ ወተት ያፈስበታል። «ኧረ አባባ፣ ያስጠላል!» ይሉታል። ይበሉ እንጂ! በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣ ሩዝ ለምደው፣ ከመሬት የሚበቅል እንኳ አይመስላቸውም። እኔ ግን ያ ወተት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ያደግሁት ሱሉልታ ነው። አባቴ የፎገራ ሰው ነው፤ ወደ ሱሉልታ የመጣው ወተት መሰብሰቢያ ተቀጥሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገበሬዎቹ የሚያመጡትን ወተት ይለካል፣ ውሃ የገባበትን ይመልሳል። በዚህ ሥራ ሰው ይጣላል እንጂ አይወዳጅም፤ እሱ ግን ከአንድ አዛውንት ጋር ተወዳጀ። ሜዳው ዳር የሚኖሩ፣ ላም የሚያረቡ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። አባቴ በኦሮምኛ «ኦቦ» ይላቸዋል፣ አቶ እንደማለት ነው፤ እኛም ልጆቹ «ኦቦ» እያልን አደግን። ያ ሜዳ ዛሬ መጋዘንና አጥር ሆኗል። በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ግን አንገቴ እስኪጣመም እፈልገዋለሁ፤ ይናፍቀኛል።

የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። አባቴ ያንን ውሃ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ፎገራም ክረምት ሲገባ እንዲሁ ነው ይላል፤ ሰው እስከ ባቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሩዝ ያርማል፣ እንጀራውም ጠላውም ከሩዝ ነው። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ለቅሶ ሊደርስ አገሩ ሄዶ ሲመለስ ያልተፈተገ ሩዝ በከረጢት ይዞ መጣ። ለዘር ነው አለ። እናቴ የሱሉልታ ልጅ ናት፣ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲባል አልሰማህም?»

እሱ ማንን ሰምቶ! ሄዶ ኦቦን ለመናቸው። ከሜዳቸው ውሃ የሚተኛበትን ጥግ ይስጡት፤ ዘሩም ጉልበቱም ከእሱ፣ ምርቱ እኩል። ኦቦ አሰብ አደረጉ። ከዚያ ጥግ በየዓመቱ ሣር ያጭዳሉ፤ ላሞቻቸው በጋውን የሚሻገሩት በዚያ ድርቆሽ ነው።

«ላሞቼስ ምን ይብሉ?» አሉት።

«ሩዙ ለእኛ፣ ገለባው ለላሞቹ። አገሬ ከብት የሚቀለበው በሩዝ ገለባ ነው። ቃሌ ነው፣ ኦቦ፣ ላሞችዎ አይራቡም።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

እንዴት ያለ ቡቃያ ነበር! አባቴ ከሥራ መልስ ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል፣ እኔና እህቴ ከኋላው። የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ እሱ እቴ፣ ያፏጫል! በሕይወቴ አባቴ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ክረምት ብቻ ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «ገብስ ነው?» ይላል። ዘግይቶ ዛላው ብቅ ሲል አባቴ አስተማረን፤ ሩዝ ፍሬ ሲይዝ በጥፍር ከተጨመቀ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ወተቱን እየጠበቅን በየቀኑ እየሄድን እንጨምቅ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት ገባ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለሱሉልታ ሳይሆን አይቀርም። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ፍሬ የያዘ ሩዝ ያጎነብሳል፤ የእኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ አንዱን ጨመቀ፣ ሌላውን ጨመቀ። ባዶ ገለፈት። ኦቦ አጠገቡ ቆመው ነበር።

«ውሃውን አየህ፣ ብርዱን አላየህም» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም።

አንጀቴን የሚበላኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባቴ ፍሬ ያልያዘውን ሩዝ በእርጥቡ አጭዶ፣ አድርቆ፣ ኦቦ ግቢ ከመረላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ይሸሻቸው ጀመር። ወተት ይዘው ሲመጡ ልኬቱን ለባልደረባው ትቶ ጓዳ ይገባል። ቤትም ነጋ ጠባ ያው ነው፤ «ላሞቹ ባይበሉትስ? የሰው ከብት አስርቤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» እናቴም መቀለዱን ተወች።

የገና ዕለት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ናቸው፤ ቢዶን ሙሉ ወተት ይዘዋል። አባቴ የሚገባበት ጠፋው።

«አካም ጅርታ? ደህና ነህ? ምን ያስደነግጥሃል?» አሉት። «ያንን ገለባህን ላሞቹ ገና ሲያዩት ይጮሃሉ። ከአምና የተረፈኝን ድርቆሽ ንቀውት ቀሩ!»

«ተመስገን» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል። «እንኳን በሉት። ወተቱን ግን ለምን አመጡት፣ ኦቦ? እኔ ከስሬ አከሰርኩዎት እንጂ ምን አደረግሁልዎት?»

«ምርቱ እኩል አላልንም እንዴ? ግማሹን ቤቴ አስቀርቻለሁ። ይሄ ያንተ ድርሻ ነው።»

አባቴ ቢዶኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆመ። የአገሩን ወተት ሁሉ ሲለካ የኖረ ሰው ያቺን የት እንደሚያስቀምጣት ግራ ገባው። እናቴ ተቀብላው ከሱቅ የገዛችውን ሩዝ ቀቀለችበት፤ አባቴና ኦቦ ከአንድ ሳህን ቀረቡ። አባቴ ማንኪያውን እንደያዘ እንባው ወረደ።

ኦቦ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «ብላ እንጂ፣ የዘራኸውን» አሉት።