ሳይደርቅ የተቀመጠበት ወንበር

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ቤታችን ስገባ የተዘፈዘፈ ጠፍር ሸተተኝና ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ያኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የማብረር ጨዋታ ነበረው። "የፓይለት ወንበር እንሥራ" አለኝ። እኔ የተጣለ የሚኒባስ መሪ አመጣሁ፤ እሱ ባሕር ዛፍ ቆረጠ። አልጋ የሚጠፍሩት አባታችን ደግሞ መቀመጫውን በእርጥብ የበሬ ቆዳ ጠፈሩልን።

"ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ሳይደርቅ ከተቀመጥክበት ይረግብና ያንተን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል" አሉት።

"እሺ አባባ" አለ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ግን ተቀመጠበት። እኔ ከኋላው ሆኜ እንደ ሞተር እጮሃለሁ፤ እሱ የጉናን ተራራ በግራ አሳልፎ ደብረ ታቦር ያርፋል። ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አባባ ሲመለሱ የረገበውን በእጃቸው ዳበሱና "እንግዲህ ያንተው ነው" አሉት።

ወንድሜ ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። እናቴ ሰው እንዲቀመጥበት ወንበሩ እንደገና ይጠፈር ብላ ለምናቸው፣ አባባ አዲስ ጠፍር ዘፍዝፈዋል። አራት ቀን አለፈው፤ ቆዳው መበላሸት ጀምሯል። የረገበውን የወንበሩን ጠፍር ግን እስካሁን አልፈቱትም።