በጓሳ ሳር የተከሰስኩ ጊዜ

ጓሳው ሳይከፈት ሳር አጭደሃል ተብዬ በሐሰት ተከሰስኩ። ጓሳ ቤት የምንከድንበት ሳር የሚበቅልበት የጋራ መሬታችን ነው፤ በተዘጋበት ዘመን አንዲት ጭብጥ የቆረጠ ይቀጣል፣ ሲከፈትም ከአጨዳው ይቀራል። የእኔ ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል። ገበያ በዋልኩበት ቀን የጓሳው ጠባቂ ከአጥሬ ጀርባ አሥራ አንድ እስር ሳር አገኘ። ጓሳውን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች ሳሩን አስወስደው ቀን ቀጠሩልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ የመሐል ሜዳ መምህር ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ መርማሪ ታሪክ አውሶኝ ነበር፤ ሰው በፈረስ ጋሪ የሚሄድበት፣ ከተማው እንደ እኛ አገር በጉም የሚታፈንበት ዘመን ነው። መርማሪው የጫማ ጭቃ አይቶ ሰውየው ከየት እንደመጣ ይናገራል። እኔም የሰፈሩን ጫማ ሁሉ አየሁ። እዚህ ጭቃው አንድ ነው፤ ሁሉም ሌባ ሆነብኝ።

ከሁሉም ጎረቤቴን ጠረጠርኩ። በዚያው ሰሞን ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ ለሕክምና ደብረ ብርሃን ሄዷል። በመጽሐፉ ደግሞ ድንገት የሚጠፋ ሰው ደህና ሆኖ አያውቅም። ቆርቆሮ ያለው ሰው ሳር ምን ያደርግለታል? እኔን ለማስያዝ ነው እንጂ። ደጁ ላይ የቀረ ዱካውን በገመድ ለክቼ ገመዱን ኪሴ ከተትኩ።

በቀጠሮው ቀን ጎረቤቴም ተመልሶ ከዳር ተቀምጧል። ገመዴን ላወጣ ስል፣ መርማሪው ሰው ከመወንጀሉ በፊት ዕቃውን እንደሚያገላብጥ ትዝ አለኝ።

«አባቶቼ፣ እስሩን ልፍታው» አልኩ።

ፈትቼ አሸተትኩት። አስነጠሰኝ። የሳሩ ጫፍ ጥላሸት ለብሷል፤ ስንት ዓመት ጭስ የጠጣ የጣሪያ ሳር ነው።

ጎረቤቴ ሳቀ። «የእኔ ቤት ክዳን እኮ ነው። ቆርቆሮ ስመታ ደህና ደህናውን መርጬ፣ ጣሪያህን ድፈንበት ብዬ ጣልኩልህ። መከሰስህን የሰማሁት ትናንት ከመኪና ስወርድ ነው።»

«ታዲያ ሳትነግረኝ ትሄዳለህ?»

«አንተ ሰላም ሲሉህ መቼ ቆመህ ታውቃለህ? ሌባ እንደሚፈልግ የሰው እጅ እጅ ነው የምታየው።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጠባቂው ዞሩ። «አንተም ሁለተኛ ሳታሸት እንዳትከስ» አሉት።

ጠባቂው ይቅርታ አልጠየቀኝም። ከመጽሐፉ የያዝኩት ነገር ቢኖር፣ ሌባ ከመፈለግ በፊት የተሰረቀ ነገር መኖሩን ማየት ነው። ጎረቤቴን ግን አሁንም አልፎ አልፎ እጠረጥረዋለሁ፤ ሰው ያን ያህል ሳር በነጻ አይሰጥም። ሳሩ ተመልሶልኝ፣ ከአጨዳውም እንዳልቀር የተወሰነው ኅዳር 13 ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።