የለምለም ገንቦ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ትርሓስ ከትምህርት ቤት ስብሰባ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጅ ሲከፋው ወላጅ እንዴት ማነጋገር እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሻይ ብርጭቆዋን ጫነችበትና ወዲያው ወደ ልጇ ክፍል ዞራ ጮኸች።

«ሰምሃል! ውሃ መቅዳት ያንቺ ተራ አይደለም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ! ስንፍና እንጂ ምን ሊባል ነው?»

ሰምሃል ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመባቸው ክፉ ዓመታት እንኳ እኛን የምታስቀን እሷ ነበረች። ዘንድሮ ሳቋ ጠፋ። በዚህ ቤት «ተራ ተራ ነው» የምል እኔ ነኝ፤ ትናንት ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደጅ ወጥቼ ተመለስኩ። ከሰፈራችን ከሓድነት መንገድ ዳር «በለስ! በለስ!» የሚል የሻጭ ድምፅ ሲመጣ ጭራሽ መቀመጫ አጣሁ።

እንዲህ በበለስ ወራት ነበር። እኔ ዐሥራ አምስት፣ ታናሽ እህቴ ለምለም ዐሥራ ሦስት ዓመታችን። ከሮማናት አደባባይ ብዙ በማይርቅ ሰፈር እንኖር ነበር፤ ውሃ የምንቀዳውም ከሰፈሩ ቦኖ ነው። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሰዉ ገንቦውን ደርድሮ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

ያን ዓመት በጾሙ ወራት፣ ከለምለም ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ታማ ሞተች። ቤታችን ውስጥ ስሟን ያነሣ አልነበረም። «ልጅ ይረሳል» ተባለ። ለምለም ግን መብላት ቀነሰች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አትመለስም። እኔ ቡኮ ፊት ቆሜ ውሃ እጠብቃለሁ። እልኬ መጣ። ለአባቴ ከሰስኳት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀና ሳይል፣ «ዛሬም ከዘገየች ቀበቶዬን ታየዋለች» አለ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እንዳትክድ ብዬ በዓይኔ ላያት ተከተልኳት። ቦኖው ጋ ስደርስ ገንቦዋ ሰልፉ መሐል አለች፤ እሷ የለችም። ጎረቤታችን አደይ ለታይ የራሳቸውን ገንቦ አንድ እርምጃ አስጠጉ፣ ከዚያ የለምለምን አንሥተው ከኋላው አኖሩ። ዘልዬ ገንቦዋን ከሰልፉ አወጣሁ።

«የሌለ ሰው ተራ የለውም!» አልኩ።

«መልሺ፣ አልጋነሽ» አሉኝ አደይ ለታይ።

«አደይ፣ ፍርድ ነው እኮ! እኔ በተራዬ ቆሜ ነው የምቀዳው።»

«ፍርድሽን ወደዚያ! እንዲያውም ዳኛ ወጣልን!» አሉ፤ ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ወር ሙሉ ገንቦዋን የምናራምድላት እኛ ነን። ከዚያ ካብ ኋላ ሄዳ ትቀመጣለች። እኛ የመንገዱ ሰዎች ያየነውን እናንተ የቤቱ ሰዎች ምነው አላያችሁም፣ ጓለይ፣ ልጄ?»

ገንቦውን መለስኩ። ከካቡ ኋላ ቁልቋሉ ሥር ለምለም ተቀምጣለች። በለስ እየቀጠፈች፣ እሾሁን በሣር ሳትጠርግ በባዶ እጇ ትልጣለች። አትበላውም፤ ልጣ ታስቀምጠዋለች። መዳፏ ያ እንደ ፀጉር የቀጠነ እሾህ ወርሮት ቀልቷል።

«አያምሽም?»

«እንጃ» አለች። እጇን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየችው።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? አንቺ የምትጠይቂኝ ተራሽ ነው ወይ ብቻ ነው።»

ውሃውን እኔ ተሸከምኩ። ቤት ስንደርስ አባቴ ቀበቶውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ፊቷ ቆምኩ። «አቦይ፣ ክሴን አንሥቻለሁ። እሷን ከመታህ እኔንም እኩል ምታኝ። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

«አበዳችሁ?» ብሎ ተነሣ። ገፋ ሲያደርገኝ የለምለምን መዳፍ አየ። ቀበቶው ከእጁ ወደቀ። መነጽሩን አደረገ፣ መርፌውን አነሣ፣ በሩ ላይ ብርሃን ፍለጋ አስቀመጣት። እሾሁን አንድ በአንድ ነቀለ። የመጨረሻውን ነቅሎ እጇን ግን አልለቀቀም።

«ሌላስ የት ያምሻል?» አላት።

ያን ቀን አልመለሰችም። በማግስቱም፤ በሦስተኛውም ቀን። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ማሽኑ ላይ ሳይቀመጥ ይጠይቃታል። በሳምንቱ ይሁን በዐሥረኛው ቀን የጓደኛዋን ስም ጠራች፤ ጠርታም እስክትደክም አለቀሰች። እናቴ ጸበል ወሰደቻት፣ አባቴ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። የትኛው እንደረዳት አላውቅም። በአንድ ቀን አልዳነችም፤ የዳነች ሲመስለን ወደ ሕመሟ የምትመለስበትም ጊዜ ነበር።

ትናንት ብርጭቆውን አንሥቼ ወረቀቱን በአራተኛ ክፍል ንባቤ አንድ በአንድ አነበብኩት። ጥሩ ወረቀት ነው። ለትርሓስም እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፤ «ስብሰባው እዚህ ቤት ነው» ብዬ። ከዚያ የሰምሃልን በር ከፍቼ፣ «የት ያምሻል?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዛሬ ጠዋት ጀሪካኗን ይዤ ስወጣ ትርሓስ፣ «እማ፣ የሰምሃል ተራ ነው እኮ» አለችኝ።

«አዎ፣ የሷ ነው» አልኳት።

አሁን ሰልፉ ውስጥ ነኝ። ዓይኔ ከቤታችን በር አልነቀል ብሏል። ሰምሃል እስካሁን አልወጣችም። ቢጫዋን ጀሪካን ሁለት ጊዜ ወደ ፊት አራምጄላታለሁ።